ባለቤቴ የተወችው ግስ

ከቆላው ከአዳማ ተነሥቶ ደጋውን ወጥቶ፣ በተጉለት ለሚኖሩት ለአባቴ ለመሪጌታ ተክለሃይማኖት ይድረስ።

አባቴ ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባለፈው ክረምት ያስቸግርዎ የነበረው ወገብዎ ተሻለዎት ወይስ አሁንም ቅኔ ማኅሌት ሲቆሙ መቋሚያውን አጥብቀው ነው የሚደገፉት? ዓይንዎስ እንዴት ነው? በጧፍ ብርሃን ማንበቡን ቀነስ አድርገውልኛል ወይ? እማማስ እንደምን አለችልኝ? ሳሏ በብርድ ወራት ይነሣባት ነበርና ሐሳቤ ከእርሷ አይለይም። ወንድሜ ገሠሠ እርሻውን ጀመረ? ዝናቡስ በጊዜው ጣለላችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሥጋዬ ደህና ነኝ። ሙቀቱን ለምጄዋለሁ፤ አቧራውን ግን ገና አልለመድሁትም። እዚህም ሰኔ ገብቶ ደመናው ከብዷል፤ ዝናብ ቢጥል የከተማው ሰው ሁሉ ይተነፍስ ነበር።

በፋሲካ ሰሞን የላኩልኝ ደብዳቤ ከአዲስ አበባ በባቡር በመጣ ሰው እጅ ደርሶኛል። ከንፈሬ ላይ አድርጌ ስሜ ከፈትሁት። የቤቱን ሁሉ ደህንነት ሳነብ ደስ አለኝ፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን አንገቴን ደፋሁ። «ባለቤትህ እንዴት ናት? ስለ እርሷ አንዲት ቃል አልጻፍህልኝም» ብለውኛል። ከዚያ በፊት በላኩልኝም ይህንኑ ጠይቀውኝ ነበር፤ እኔም ጥያቄውን ዘልዬ ስለ ባቡሩና ስለ እህል ገበያው ጻፍሁልዎ። እርስዎ ጽሕፈት አንብበው የሚያስተውሉ ሰው ነዎትና የዘለልሁትን ሳያውቁ አልቀሩም። አሁን ሦስተኛ እንዳይጠይቁኝ ልነግርዎ ተቀመጥሁ። ፊትዎ ቆሜ ብናገረው ኖሮ ድምፄ አይወጣም ነበር፤ በወረቀት ስለ ሆነ ነው የደፈርሁት።

የማስተምርበት ቤት የከተማው ነጋዴዎችና የባቡር ሠራተኞች አዋጥተው ያቆሙት ባለቆርቆሮ ቤት መሆኑን ጽፌልዎ ነበር። ልጆቹ የክርስቲያኑም የእስላሙም ናቸው፤ ብዙዎቹ እቤታቸው ኦሮምኛ ይናገራሉ። እርስዎ በግዕዝ ያስተማሩኝን ሰዋስው እኔ ወደ አማርኛ አምጥቼ አስተምራቸዋለሁ። ስም ማለት የሰው፣ የአገር፣ የዕቃ መጠሪያ ነው እላቸዋለሁ፤ ብቻውን ቆሞ የሚሆነውን ይጠብቃል። ቅጽል ስሙን ተጠግቶ ቀዩን ከጥቁሩ፣ ረጅሙን ካጭሩ ይለየዋል። ለ፣ በ፣ ከ፣ ወደ የሚሉት ትንንሾች ናቸው፤ እነርሱ ሲጎድሉ ግን ማን ወደ ማን እንደ ሄደ አይታወቅም። ሁሉን የሚያስረው ግስ ነው። ማሰሪያው ግስ እስኪመጣ ድረስ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለ ነው፤ ሰውዬው በላ ይሁን ተበላ፣ ሄደ ይሁን ቀረ፣ ሰሚው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ግስም ባለቤቱን መምሰል አለበት፤ ባለቤቱ ወንድ ከሆነ መጣ፣ ሴት ከሆነች መጣች፣ ብዙዎች ከሆኑ መጡ። አንዱ ልጅ ሲሳሳት ትክክለኛውን ቃል ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ ልጆቹ በሙሉ ተቀብለው በአንድ ድምፅ ይደግሙታል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቆሞ ይሰማን ነበር። በዚህ እኮራ ነበር፣ አባቴ። ከእርስዎ የወረስሁትን በቆላ የዘራሁ ይመስለኝ ነበር።

ዲንቂቱን ያገባሁ ጊዜ ዘመዶቿ እነማን እንደ ሆኑ ጠይቀውኝ ነበር። አባቷ ኦቦ ወዬሳ ወለንጪቲ አጠገብ የሚያርሱ፣ በአካባቢያቸው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ኦቦ ማለት በአገሩ ቋንቋ አቶ እንደ ማለት ነው። እርሷ ልጅ ሳለች አክስቷ ዘንድ ከተማ ተቀምጣ ቅቤ ስትሸጥ አማርኛ ለመደች። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው። ይገባል፣ ይጣፍጣልም፤ ነገር ግን በግሱ ላይ ወንዱንና ሴቱን ታቀላቅላለች። እኔን የወሰደኝም ወሬዋ ነበር። አዋሽ ሞልቶ የአጎቷን ላም ሲወስድ፣ ዝንጀሮ ማሽላ ሰርቆ ሲሮጥ፣ እናቷን ጉልበቷን ሊያሳክሙ ሶደሬ ፍል ውሃ ሲወርዱ በመንገድ ያገኙትን ሰው፣ እያንዳንዱን በእጇም በዓይኗም ታወራልኝ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ደክሜ ስገባ እርሷ ወሬዋን አዘጋጅታ ትጠብቀኛለች።

በኛ ቋንቋ ግስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እኔም እዚያው በር ላይ እንደሚቆም ዘበኛ ጠብቄ እይዛት ነበር። «ላሚቱ በውሃው ሄደ» ስትል «ሄደች» እላታለሁ። መጀመሪያ ትስቅና «ሄደች» ብላ ትደግምልኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ላሚቱ ወዴት እንደ ደረሰች አትነግረኝም፤ ወሬው እዚያው ይቀራል። እኔ ደግሞ ላሚቱን አልጠይቅም፣ ግሱ ከተቃና ይበቃኝ ነበር። እንግዳ ባለበትም አልተውሁም፤ እንዲያውም እንግዳ ሲኖር ይብስብኝ ነበር። አንድ ጊዜ የጣቢያው ሠራተኛ አቶ ኃይለየሱስ እኛ ዘንድ ምሳ በልተው፣ እርሷ የጎረቤታችንን ሚስት መውለድ ስትናገር «ወለደ» ብትል፣ አርሜ ሳልጨርስ እኔና እርሳቸው ሳቅን። እርሷ ወጡን ጨልፋ ወጣች፤ እስኪሄዱ ድረስ አልተመለሰችም።

ቀስ በቀስ ግሱን ተወችው። አባቴ፣ ይህን ሲያነቡ እንዳይስቁብኝ፤ እውነት ነው የምነግርዎ። «ውሃ» ትለኛለች፤ ፈላ ለማለት ይሁን አለቀ ለማለት ዞሬ ማየት አለብኝ። «በር» ትላለች፤ ሰው መጣ ለማለት ነው። «የጎረቤት ልጅ» ትልና እጇን ግንባሯ ላይ ታደርጋለች፤ አመመው ለማለት ነው። ስም ብቻ ቀራት። በኛ አማርኛ ላምም፣ በርም፣ ውሃም ሲጠራ ወንድ ነህ ሴት ነሽ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ስም ብቻ የሚናገር ሰው አይሳሳትም። እኔ ግን ይህን ያስተዋልሁት ዛሬ ነው። ያን ጊዜ ሰነፈች፣ ትምህርቴን ናቀች እያልሁ በልቤ እቀየማት ነበር። ከወሎ መጥታ ከባሏ ከአብዱናሲር ጋር አጠገባችን የምትኖር ኡሙሰልማ የምትባል ደግ ሴት አለች። እርሷ አንድ ቀን አስቁማኝ፣ ዲንቂቱ እኔ ዘንድ ስትመጣ ወሬዋ አያልቅም፤ አንተ ስትገባ አፏን የሚይዛት ምንድን ነው ብትለኝ፣ ባሏን ስለምታከብር ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ አለፍኋት።

ዘንድሮ በመጋቢት፣ ነፋሱ አቧራውን በመስኮት እያስገባብን ልጆቹን እንደ ልማዴ ግስ አስደግም ነበር። ዲንቂቱ ደጃፉ ላይ መጥታ ቆመች። ወደ ትምህርት ቤቱ መጥታ አታውቅም ነበር። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቋል፣ እግሯ እስከ ባቷ አቧራ ነው። ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት።

«እናቴ ሞተ» አለች።

«ሞተች» አልኋት።

አባቴ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ክፉ ልናገራት አስቤ አይደለም። ሞቱ ጆሮዬ ሳይደርስ ግሱ ደረሰ። ከብዙ ሳምንት በኋላ ከአፏ የሰማሁት የመጀመሪያ ግስ ነበር፤ እኔም ያንኑ ይዤ አረምሁ። ልጆቹም እንዳስለመድኋቸው ትክክለኛውን ቃል ከእኔ ተቀብለው በአንድ ድምፅ «ሞተች» አሉ።

ጠመኔው ከእጄ አልወደቀም። ብዙ ጊዜ ስለዚህ አስባለሁ፤ ቢወድቅ ኖሮ ቢያንስ እጄ ሰው ነበር። ዲንቂቱ አየችኝ። የተቆጣች አትመስልም ነበር፤ መንገድ ልትጠይቅ ገብታ ቤት እንደ ተሳሳተች ሴት ነው ያየችኝ። ከዚያ ዞራ ሄደች። እኔ ያን ጊዜ መሮጥ ነበረብኝ። አልሮጥሁም። መምህር በልጆቹ ፊት ሲሮጥ እንዳይታይ ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁ፣ ሰሌዳውን ጠረግሁ፣ ልጆቹን በሥርዓት አሰናበትሁ፣ ከዚያም በመምህር አረማመድ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ደጄ ላይ ኡሙሰልማ ቆማ ነበር። የሆነውን አላወቀችም። የዲንቂቱ ወንድም መርዳሳ መርዶውን ይዞ በበቅሎ እንደ መጣ፣ ሁለቱ ደጁ ላይ ቆመው እንደ ነበር፣ መርዳሳ እንሂድ ሲላት ዲንቂቱ ጥቂት እንቆይ፣ እርሱም ይመጣል እንዳለችው ነገረችኝ። «ጠበቁህ እኮ። ምነው ዘገየህ?» አለችኝ። ሰሌዳ እጠርግ ነበር ልበላት?

በማግሥቱ ከአብዱናሲርና ከሌሎች ጎረቤቶች ጋር ለለቅሶ ወረድሁ። አብዱናሲር ከአርሲ ነገሌ በአጋሰስ እህል እያመጣ የሚነግድ ሰው ነው፤ ኦሮምኛን እንደ ተወላጅ ይናገራል። ወለንጪቲ ስንደርስ ቀብሩ አልፏል። ኦቦ ወዬሳ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። የሆነውን ዲንቂቱ ለማንም አልተናገረችም ነበርና እንደ ደህና አማች ተቀበሉኝ። ያ አቀባበል ከስድብ የከፋ ሆነብኝ። ለቀስተኛው እየመጣ አንዳንድ ቃል ይላቸዋል፤ እኔ ብቻ አጠገባቸው እንደ ግንድ ተቀምጫለሁ። ከልጃቸው ጋር ሁለት ዓመት ኖሬ «እግዚአብሔር ያጽናዎ» የምልበት ቃል በቋንቋቸው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ዲንቂቱ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ አለቀሰች። ለቅሶዋ ጩኸት አልነበረም፤ ንግግር ነበር። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። አንድ ነገር ትላለች፣ ሴቶቹ ይቀበሏታል፤ ሌላ ትጨምራለች፣ ትልልቅ ወንዶች ዓይናቸውን በጋቢያቸው ይጠርጋሉ። እኔ ቤት ውሃ፣ በር፣ እሳት ብቻ የምትለው ሴት ያን ሁሉ ሕዝብ በቃሏ ይዛ ታስለቅሰው ነበር። ከሕዝቡ ሁሉ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርሁ። አብዱናሲር ሲያለቅስ አይቼ ምን ትላለች ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅሁት። «ያደረገችላትን እየጠራች ነው» አለኝ። «ወለደችኝ፣ አጠባችኝ፣ አዘለችኝ፣ ስታመም ጠበቀችኝ፣ ዳረችኝ ትላለች።» ሁሉም ግስ ነበር። አንዱም አልጎደለም።

ለቅሶው ሲበተን ላናግራት ጠጋ ብል ከሴቶቹ ጋር ወደ ውስጥ ገባች። እስከ አርባዋ ልትቆይ ነው አሉኝ፤ ተገቢ ነውና ተመለስሁ። አርባው አለፈ። እርሷ አልመጣችም። መርዳሳ ለገበያ ወደ ከተማ ሲመጣ አግኝቼ እኅትህ መቼ ትመጣለች ብዬ ጠየቅሁት። ጨዋ ልጅ ነው፣ ዓይን ዓይኔን ላለማየት የበቅሎውን ኮርቻ እያጠበቀ፣ «እዚያ ቤት ዝም ማለት ደክሞኛል ብላለች» አለኝ። ከስድብ ይልቅ ይህ ቀለለኝ ብል ውሸት ነው።

በከተማውም ነገሩ ተሰማ። ልጆቹ ለወላጆቻቸው ነግረዋል። በገበያ ሳልፍ ከኋላዬ «ሞተች» የሚል ድምፅ እሰማለሁ፤ ዘወር ብዬም አላይ። የሚሉት እውነት ነውና በማን ልቆጣ?

አብዱናሲርን ቋንቋውን አስተምረኝ ብዬ ለመንሁት። ማታ ማታ አጋሰሶቹን አራግፎ ሲቀመጥ ከጎኑ እቀመጣለሁ። እዚህ ላይ ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ልንገርዎ። እዚህ አገር ስኖር ያን ቋንቋ እንደ ወፍ ጫጫታ ስሰማው ኖሬ፣ ሰዋስው ያለው ነገር አድርጌ ቆጥሬው አላውቅም ነበር። እርሱም እንደኛው ግሱ መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ እርሱም ወንድና ሴት ይለያል፤ ብቻ የሚለይበት ስፍራ ሌላ ነው። መጣሁና መጣ አንድ መልክ አላቸው፤ ሁለቱም ዱፌ ነው። መጣህ፣ መጣሽና መጣች ደግሞ ሌላ አንድ መልክ ናቸው፤ ዱፍቴ ይባላል። እኔን ከእርሱ፣ አንቺን ከእርሷ የሚለየው ከፊት የሚቆመው ባለቤት ነው። ዲንቂቱ በአማርኛ የምትሰናከለው ባለማወቅ ብቻ ሳይሆን የእናቷ ቋንቋ ግስን በሌላ መንገድ ስለሚያረባ ነበር። የሰዋስው መምህር ነኝ እያልሁ ይህን ለማወቅ ሚስቴ ጥላኝ መሄድ ነበረባት። ምላሴም አልታዘዝ አለኝ። አብዱናሲር ቃሉን ሲሰጠኝ አጥፍቼ እመልስለታለሁ፤ እርሱ ግን ሳቁን ውጦ እንደገና ይለዋል።

በግንቦት አብዱናሲርንና አቶ ኃይለየሱስን ሽማግሌ አድርጌ ወለንጪቲ ወረድሁ። አቶ ኃይለየሱስ በዚያ ምሳ ላይ አብረውኝ የሳቁት ናቸው፤ ያንን ሳስታውሳቸው እኔም መካስ ይገባኛል ብለው ሥራቸውን ትተው መጡ። ግራሩ ሥር ተቀመጥን። ኦቦ ወዬሳ፣ መርዳሳ፣ ጥቂት ሽማግሌዎችና አንዲት አሮጊት አክስት ነበሩ፤ ዲንቂቱ ከደጃፉ በስተ ውስጥ ተቀምጣለች፣ የቀሚሷ ጫፍ ይታየኛል። አብዱናሲር ሊናገርልኝ ጀምሮ ነበር። እኔ ራሴ እናገራለሁ ብዬ ተነሣሁ። የተዘጋጀሁት በሁለት ቃል ነበር። አኒ ባሌሴ፤ እኔ አጠፋሁ ማለት ነው። መንገዱን ሁሉ በልቤ ስለው መጥቻለሁ።

«አኒ ባሌሲቴ» አልሁ።

ከአፌ ሲወጣ አወቅሁት። እኔ ብዬ ጀምሬ በእርሷ ጨረስሁት። ባለቤቱ እኔ፣ ግሱ አጠፋች። ተሸክሜው የሄድሁትን ጥፋት በአባቷ ደጅ፣ በዘመዶቿ ፊት፣ በእርሷ ላይ ጣልሁት። ላቀናው ብፈልግ ትክክለኛው ቃል ጨርሶ ጠፋብኝ። ቆሜ የሚያርመኝ ሰው ጠበቅሁ። እውነቴን ነው፣ አንድ ሰው ቃሉን ከአፉ አውጥቶ እንዲሰጠኝ በዓይኔ ለመንሁ። መርዳሳ መሬት መሬቱን ያያል። አሮጊቷ ነጠላዋን አስተካከለች። አብዱናሲር እንኳ፣ በየማታው የሚያርመኝ ሰው፣ ዝም አለ። አንድም ሰው አልሳቀም፤ አንድም ሰው አላረመኝም። ኦቦ ወዬሳ «ደጌኜ» አሉ፤ ሰምተናል ማለት ነው። ልናገር ያሰብሁትን ሰሙልኝ እንጂ ያልሁትን አልሰሙብኝም። እኔ እንዲህ አድርጌ ሰምቻት የማውቅበት ቀን ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ አንድም አላገኘሁም። አባቴ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ያፈርሁበት ጊዜ የለም።

ኦቦ ወዬሳ ነገሩ የእርሷ ነው ብለው ልጃቸውን ጠሯት። መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና በቋንቋዋ ተናገረች። ረጅም ተናገረች። አብዱናሲር ሊተረጉምልኝ ጎንበስ ሲል እጇን አንሥታ ከለከለችው። እኔም ተቀምጬ ሰማሁ። ከንግግሯ ሁሉ የያዝሁት ሃዳን፣ መናን፣ ቢሻንን ነው፤ እናት፣ ቤት፣ ውሃ። እናቷ ምን እንዳደረገች፣ ቤቱ ምን እንደ ሆነ፣ ውሃው ምን እንደ ነካው አልያዝሁም። ስሙ ይደርሰኛል፣ ግሱ ያመልጠኛል። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ሲነቀንቁ እኔ ፊታቸውን እያየሁ መገመት ብቻ ሆነ ሥራዬ። ሰው በገዛ ቤቱ እንዲህ ሆኖ እንዴት ይኖራል ብዬ አሰብሁ፤ ወዲያው ማን እንደ ኖረበት ትዝ አለኝና ጋቢዬን ወደ ፊቴ ሳብሁ።

ስትጨርስ በአማርኛ አንዲት ነገር አለችኝ። «ሁለተኛ ቃሌ ላይ አትቁምብኝ» አለች። ግሱ ልክ ነበር። ልክ መሆኑን ማስተዋሌን ሳውቅ በዚያ ሰዓት እንኳ ጆሮዬ እንዳልተወኝ አየሁ፤ እንደገናም አፈርሁ። «አልቆምም» አልኋት።

ግንቦት ሳይወጣ መርዳሳ በበቅሎ አመጣት። ተደላድለናል ብዬ አልዋሽዎትም። እርሷ አንዳንድ ቀን በቋንቋዋ ታወራለች፣ አንዳንድ ቀን በአማርኛ፤ ደስ ባላት ታወራለች። በቋንቋዋ ስታወራ ያልገባኝን እጠይቃለሁ፤ አንዳንዴ ትመልስልኛለች፣ አንዳንዴ ሥራ አለብኝ ብላ ትተወኛለች። በአማርኛ ስታወራ ጥርሴን ነክሼ እቀመጣለሁ። ልማድ ክፉ ነው፤ ምላሴን ያዝሁ እንጂ ጆሮዬን አልገራሁትም። ትናንት ወሬ ጀምራ መሐል ላይ ፊቴን አየችና ቆመች። ምንም አላልሁም ነበር፤ ፊቴ ተናግሮ ይሆናል። ወጥቼ እንጨት ፈለጥሁ። በትምህርት ቤትም ልጆቹ ሲሳሳቱ ሁሉም በአንድ ድምፅ እንዲያርሙ ማድረጉን ትቻለሁ፤ የተሳሳተውን ልጅ ጠርቼ ለብቻው እነግረዋለሁ።

አባቴ፣ አሁን የምለምንዎት አለ፤ ይህን ሁሉ የጻፍሁትም ለዚሁ ነው። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ለመስቀል ይዣት ልመጣ አስቤያለሁ። ዲንቂቱ ሰውን ሁሉ አንተ፣ አንቺ ነው የምትለው። እርስዎ የሚለውን ቃል እኔ እየደጋገምሁ ባስጠናኋት ጊዜ አስጠላኋት እንጂ አላስለመድኋትም። እርስዎንም አንተ ማለቷ አይቀርም። ካህናቱ በተቀመጡበት፣ ደቀ መዛሙርትዎ በቆሙበት ልትልዎ ትችላለች። እርስዎ ለቃል ያለዎትን ጥንቃቄ አውቃለሁ፤ እኔን የሠራኝ እርሱ ነው። ቢሆንም ያን ጊዜ ዝም ይበሉልኝ። ወደ እኔም አይመልከቱ። ልጅ ሆኖ አባቱን አይናገሩ ብሎ መለመን ነውር መሆኑን አውቄ ነው የምለምንዎት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ልጽፈው ብዬ ሁለት ጊዜ ብዕሬን አስቀመጥሁ። ማዕድ ላይ እማማ ነገር ስትጀምር እርስዎ ይጨርሱላት ነበር። እርሷም ፈገግ ብላ ወደ ምድጃው ትዞር ነበር። እኔ ከአክብሮት ቆጥሬው አደግሁ። ይህን ያነሣሁት ልወቅስዎ አይደለም፤ የምወቅሰው ሰው እዚሁ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። ብቻ እማማ ያን ጊዜ ልትለን የጀመረችው ምን እንደ ነበር አላውቅም፣ አሁን ደግሞ ማወቅ ናፈቀኝ። ደብዳቤውን ሲያነቡላት ይህን ቢዘሉትም፣ ባይዘሉትም እንደ ወደዱ።

እማማን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ማር በነጋዴ እልክላታለሁ፣ ለሳሏ ይሁናት። ወንድሜን ገሠሠን፣ ሚስቱንም፣ አዲስ የተወለደችውንም ሕፃን ይሳሙልኝ፤ ስሟን አልጻፋችሁልኝምና ልጠራት አልቻልሁም። አክስቴን ከነቤተ ሰቧ እንደምን አላችሁ ይበሉልኝ። ደቀ መዛሙርትዎን፣ በተለይም ከእኔ ጋር የቆጠሩትን፣ ሙሉብርሃን እጅ ነሥቷል ይበሉልኝ። አብዱናሲርና ኡሙሰልማ ሳያውቁዎት ሰላም ብለዋል፤ አቶ ኃይለየሱስም እንዲሁ።

ዲንቂቱ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ለአባቴ ምን ልበልልሽ ብላት እጇን ከሰፌዱ ሳታነሣ ጥቂት አሰበች። «አባባ፣ ደህና ነህ? ለመስቀል እንመጣለን። በቅሎ ላክልኝ፣ ያንተን አገር ዳገት አላውቅም። ወሬ ብዙ አለኝ» በልልኝ አለች። እንዳለችው ጻፍሁት።

ልጅዎ ሙሉብርሃን ተክለሃይማኖት
አዳማ፣ ሰኔ ፲፰ ቀን ፲፱፻፳፫ ዓመተ ምሕረት